ሩጫና ብስክሌት በመተማ ቆላ

ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ኦሎምፒክ ማራቶንን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ነሐስ ወሰደ። ቀነኒሳ በቀለም እ.ኤ.አ. በ2024 በለንደን ማራቶን 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሮጦ ሁለተኛ የወጣው በ41 ዓመቱ ነው። ዕድሜ ብቻውን ሯጭን ከመንገድ አያስወጣም። ጉዳት ግን ያስወጣል፤ ቀነኒሳንም ለዓመታት ያንገላታው የባቱና የተረከዝ ጅማቱ ሕመም ነበር።

ሯጭ መሬት በረገጠ ቁጥር የክብደቱን ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚያህል ጫና እግሩ ላይ ያርፋል። ወጣት ጅማት ቶሎ ያገግማል፤ ሃምሳን የተሻገረው ተጨማሪ ቀናት ይፈልጋል። ብስክሌት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ ክብደቱን ኮርቻው ስለሚሸከመው ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ሲያርፉ ልብና ሳንባ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

በመተማ ብስክሌት ለመንዳት ሌላም ምክንያት አለ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስትሆን፣ መተማ ዮሐንስ ግን 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይሻገራል። ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ ብዙ ደም ወደ ቆዳ ስለሚልክ፣ በደጋ የለመዱት የሩጫ ፍጥነት እዚህ ልብን አብዝቶ ያስመታል። ከደጋ የወረደ ስፖርተኛ ለመላመድ አንድ ሁለት ሳምንት ያስፈልገዋል። ብስክሌት ላይ ግን ፍጥነቱ ራሱ ነፋስ ይፈጥራል፤ በደረቁ የበጋ አየር ላብ ቶሎ ይተናል። ላቡ ሳይታይ ስለሚደርቅ ግን ጥማት እስኪመጣ ሳይጠብቁ ውሃ መጎንጨት ግድ ነው።

ጥሩ ነጂ መጀመሪያ ኮርቻውን ያስተካክላል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት በትንሹ መታጠፍ አለበት፤ ኮርቻው ዝቅ ካለ የጉልበት ሎሚ ይጨነቃል፣ ከልክ በላይ ከፍ ካለ ዳሌ ይወዛወዛል። ማርሹ ቀለል ብሎ እግር በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ጊዜ ቢዞር፣ ከባድ ማርሽ ከመግፋት ይልቅ ለጉልበት ይሻላል።

ይሁንና ሩጫውን ጨርሶ መተው አይበጅም። አጥንት የሚጠነክረው ጫና ሲያርፍበት ነው፤ ብስክሌት ብቻ የሚነዱ ሰዎች አጥንታቸው ሊሳሳ ይችላል። ባትም መሬት የመርገጡን ልምድ ካጣ፣ ወደ ሩጫ የተመለሰ ዕለት ይጎዳል።

ክፍፍሉን ወቅቱ ራሱ ያመቻቻል። በበጋ፣ ማለዳ ፀሐይ ሳትበረታ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን አጭር ሶምሶማ ይሮጣል፤ በመካከሉ ባሉት ቀናት እያወሩ መንዳት በሚቻልበት ፍጥነት አንድ ሰዓት ያህል ብስክሌት ይነዳል። ከአይከል በገንዳ ውሃ በኩል ወደ ሱዳን ድንበር የሚወርደው አስፋልት ከባድ መኪና የሚመላለስበት ስለሆነ ዳር መያዝና ደማቅ ልብስ መልበስ ያስፈልጋል። ክረምት ሲገባ ዋልካው ጎማ ይይዛል፣ አየሩም ይቀዘቅዛል፤ ያን ጊዜ የሩጫው ድርሻ ቀስ በቀስ፣ በየሳምንቱ በጥቂቱ ይጨመራል።