የእግር ዝሆኔ ሕክምና በምን ይመዘን?

በሄኖክ ንጉሤና ባልደረቦቻቸው ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት ግሎባል ኸልዝ መጽሔት የታተመው የምሥራቅ ጎጃም ጥናት፣ ስለ ፖዶኮኒዮሲስ ከተጻፉት ሁሉ ለጤና ጣቢያ ባለሙያ እጅግ ከሚቀርቡት አንዱ ነው። 696 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ አንደኛው ወገን የእግር ንጽሕና፣ የቆዳ እንክብካቤ፣ ፋሻ፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ ወዲያው፣ ሌላው ከ12 ወር በኋላ እንዲያገኝ አድርጓል።

የጥናቱ ብርታት መለኪያው ነው። ዋና ውጤት ያደረገው ገበሬውን በትኩሳትና በሕመም ከእርሻው የሚያስቀረውን አጣዳፊ ብግነት ነው። ብግነቱ ሕክምናውን ባገኙት በሰው በዓመት 19.4 ጊዜ፣ ባላገኙት 23.9 ጊዜ ተከስቷል፤ ቅናሹ 19 በመቶ ያህል ነው። ሕክምናው ይጠቅማል ለሚለው መደምደሚያ ይህ በቂ ነው። ሆኖም የታከመውም ሰው በየወሩ ከአንድ ጊዜ በላይ ታሟል። ማን ምን እንደሚያገኝ ከሕሙማኑ መሰወር ስላልተቻለም ልዩነቱ በመጠኑ ጎልቶ ታይቶ ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ባለሙያ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የደምበጫና የደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ዳሰሳ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት 3.3 በመቶው ሕመሙ እንዳለባቸው አሳይቷል። ይሁንና የ2018ቱ ጥናት የተቀበለው ሕመማቸው የተረጋገጠላቸውን ነው፤ ወደ እኛ የሚመጣው ያበጠ እግር ግን ስሙን ይዞ አይመጣም።

በሩማቲክ የልብ ሕመም ምቱ የተዛባ ሰው ዲጎክሲንና ፉሮሴማይድ ሊያስፈልገው ይችላል፤ እብጠቱ ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ የአንገቱ ደም ሥር ይወጠራል። ፖዶኮኒዮሲስ ግን ከውስጥ እግርና ከጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜ ከጉልበት አያልፍም፣ በሁለቱ እግሮች እኩል አይሆንም፣ ቆዳውንም ያወፍራል፣ ያሻክራል። በመጀመሪያ ደረጃው እርሱም ሊሰረጉድ ስለሚችል ልብን ሳያዳምጡ መወሰን አይገባም።

ለፖዶኮኒዮሲስ ፉሮሴማይድ ማዘዝ የታገደውን ሊምፍ አያነሳም፤ ፖታሲየምን ግን ያሳጣል። ሁለቱም ሕመሞች ኖረውበት ዲጎክሲን ለሚወስድ ሰው ደግሞ የፖታሲየም ማነስ የመድኃኒቱን መርዛማነት ያባብሳል፤ ምቱን ለማስተካከል የተሰጠው መድኃኒት ራሱ ምቱን ያዛባል።

ጥናቱ ስለ ልጆች ጫማ አልጠየቀም፤ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄድ ልጅ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ጫማ ያስፈልገዋል። ለታመመው፣ ከዚህ ጽሑፍ ነገውኑ በሥራ ላይ ልናውለው የምንችለው አንድ ልማድ አለ፦ በካርዱ ላይ ከእግሩ መጠን ጎን፣ ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ብግነት እንደያዘው መጻፍ።