ቁጥሩ ገጠመ፤ ታዲያ ምን ተረጋገጠ?

ሊኑክስ ወይም ዊንዶውስ ለመጫን ፋይል አውርዳችሁ ታውቃላችሁ? ከማውረጃው አጠገብ 64 ፊደልና ቁጥር የተደረደረበት ረጅም ነገር አይታችሁ ይሆናል። «ከመጫንዎ በፊት ያመሳክሩ» የሚል አጭር ምክርም አለው። አብዛኞቻችን አይተን እናልፈዋለን። ጠንቃቃው ደግሞ ያመሳክራል፣ «ገጠመ!» ይላል፣ እፎይ ብሎ ይጭናል። ዛሬ የምተቸው ይህንን ምክር ነው። ምክሩ ስሕተት ሆኖ አይደለም፤ ግማሹን ብቻ ነግሮን ሙሉ እምነት እንድንጥልበት ስለሚያደርገን ነው።

መጀመሪያ ለምክሩ የሚገባውን እንስጠው። ያ ረጅም ነገር ሻ256 የሚባል ስሌት ውጤት ነው። ፋይላችሁ 5 ጊጋባይት ይሁን 5 ፊደል፣ ስሌቱ ሁልጊዜ 256 ቢት ይሰጣል፤ እሱ ነው በ64 ምልክት የሚጻፈው። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ቢት ብትቀየር ከ256ቱ በአማካይ ግማሾቹ ይገለበጣሉ። ስለዚህ ለፋይሉ እንደ ጣት አሻራ ነው። ኔትወርክ እየተቆራረጠ ስድስት ሰዓት ሲወርድ የዋለ ፋይል መሃል ላይ ተበላሽቶ ከሆነ ወዲያው ያሳብቅበታል። ይሄ ቀላል ውለታ አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2016 የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተጠለፈ። ሰርጎ ገቦቹ የሚንት 17.3 ሲናመን ማውረጃ ሊንክን ቀይረው ሰውን ቡልጋሪያ ወዳለ ሌላ ሰርቨር ላኩት። እዚያ የተቀመጠው ፋይል ሚንት ይመስላል፣ እንደ ሚንት ይጫናል፤ ውስጡ ግን ሰርጎ ገቡ ተመልሶ የሚገባበት የኋላ በር ነበረው። የፕሮጀክቱ መሪ ክሌሞ ለፌቭር በማግስቱ ነገሩን ይፋ አደረገ፤ ተጠቃሚዎችም የፋይላቸውን አሻራ ከትክክለኛዎቹ ቁጥሮች ጋር እንዲያመሳክሩ ጠየቀ።

እስቲ እንደ ሰርጎ ገቡ አስቡ። ገጹ ውስጥ ገብታችሁ ሊንኩን መቀየር ከቻላችሁ፣ ከሊንኩ ሥር ያለውን ቁጥር መቀየር ምን ያቅታችኋል? ምንም። ያን ጊዜ ፋይሉም የእናንተ፣ ቁጥሩም የእናንተ ነው፤ ሁለቱ በደንብ ይገጥማሉ። ጠንቃቃው ተጠቃሚ «ገጠመ!» ብሎ የተመረዘውን ፋይል ይጭናል።

ምክሩ ሁለት ጥያቄ አምታቶብናል ማለት ነው። አንደኛው «ፋይሉ ሳይበላሽ ደረሰ ወይ?» ነው። ሁለተኛው «ፋይሉ የመጣው ከማን ነው?» ነው። ከፋይሉ ጋር በአንድ ገጽ የተቀመጠ ቁጥር የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ለሁለተኛው መልስ ዲጂታል ፊርማ አለ። ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ፌዶራ፣ ሚንትም ጭምር የቁጥሮቹን ዝርዝር በፊርማ ያወጡታል። ፊርማው የሚሠራው በግል ቁልፍ ነው፤ ያ ቁልፍ ደግሞ ድረ ገጹ ባለበት ሰርቨር ላይ መቀመጥ የለበትም። ገጹን የሰበረ ሰው ቁጥሩን ይቀይር ይሆናል፣ ፊርማውን ግን አስመስሎ መሥራት አይችልም። እናንተ ጂፒጂ በሚባል ፕሮግራምና በፕሮጀክቱ የሕዝብ ቁልፍ ታረጋግጣላችሁ።

እዚህም ላይ ግን ማታለያ አለ። የሕዝብ ቁልፉን ከዚያው ከተጠለፈው ገጽ ካወረዳችሁት ተመልሳችሁ መነሻችሁ ላይ ናችሁ። የቁልፉን አሻራ ከሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ ቀድሞ ሊኑክስ ከጫነ ጓደኛ፣ ማየት ያስፈልጋል። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፦ ቁጥሩ በየሥሪቱ ይቀየራል፣ ቁልፉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለዓመታት ያው ነው። አንዴ ከለፋችሁ ለብዙ ጊዜ ይበቃችኋል።

ምክሩ የሚዘነጋው ሌላም ነገር አለ። የሚያመሳክረው ሃርድ ዲስካችሁ ላይ ያለውን ፋይል ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚነሳው ግን ከፍላሹ ነው። በዚህ የተቀጣሁት እኔ ራሴ ነኝ። 64 ጊጋባይት ተብሎ የተጻፈበት ርካሽ ፍላሽ ገዝቼ ኡቡንቱ ጻፍኩበት። አሻራው ገጥሟል፣ ፊርማውም ተረጋግጧል። መጫኑ ግን ሦስት ጊዜ መሃል ላይ ቀጥ አለ። በመጨረሻ ኤፍ3 በሚባል ፕሮግራም ፍላሹን ስፈትሸው እውነተኛው ቦታ 4 ጊጋባይት እንኳን አይሞላም። ቀሪው ውሸት ነበር። ፍላሹ «ጻፍኩ» ይላል እንጂ አይጽፍም።

ለዚህ መፍትሔው ከጻፉ በኋላ መልሶ ማንበብ ነው። ባሌናኤቸር የተባለው ፕሮግራም ጽፎ ሲጨርስ ይህን ራሱ ያደርጋል። በእጃችሁ የምታደርጉት ከሆነ ፍላሹን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት፤ አለበለዚያ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ ሳይሆን ከራሱ ሜሞሪ ሊያነብላችሁ ይችላል። ፌዶራ ሲነሳ ፍላሹን የሚፈትሽ ምርጫ ያቀርባል፤ ኡቡንቱም ከ20.04 ጀምሮ ሲነሳ ፋይሎቹን ራሱ ይፈትሻል። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን እዚህም የሚመሳከሩት ቁጥሮች ያሉት እዚያው ፍላሹ ላይ ነው። ብልሽትን ይይዛል፣ አታላይን አይዝም።

የእኔ ትልቁ ቅሬታ ግን ሌላ ነው። ምክሩ የተጻፈው ሁሉም ሰው ከዋናው ገጽ ያወርዳል ተብሎ ነው። እኛ ጋ ስንቱ ነው 5 ጊጋ ዳታ ለዚህ የሚያወጣው? «ዊንዶውስ ያለበት ፍላሽ አለህ?» ብለን ከጓደኛ እንዋሳለን፣ ወይም ሱቅ ሄደን ፎርማት እናስደርጋለን። ያ ፍላሽ በስንት እጅ እንዳለፈ ማን ያውቃል? ስለዚህ ተጠቃሚ ምክሩ አንዲት ቃል አይናገርም።

የሚያስገርመው፣ አሻራ በጣም የሚጠቅመው እዚህ ጋ መሆኑ ነው። ጓደኛችሁን የተዘጋጀ ፍላሽ አትጠይቁት፤ ዋናውን የአይኤስኦ ፋይል ጠይቁት። ፋይሉን በነፃ ቅዱ። ከዚያ ከዋናው ገጽ ቁጥሩንና ፊርማውን ብቻ አውርዱ፤ ጥቂት ኪሎባይት ነው። በሊኑክስ ሻ256ሰም፣ በዊንዶውስ ሰርትዩቲል የሚባሉት ትእዛዞች የፋይላችሁን አሻራ ያወጡላችኋል። ማይክሮሶፍትም ለዊንዶውስ 11 ፋይሎቹ ይህን ቁጥር ስለሚያወጣ እሱንም ማመሳከር ትችላላችሁ። ሁሉንም 64 ምልክት አስተያዩ እንጂ የመጀመሪያዎቹን አራት አይታችሁ አትተዉት።

ካልገጠመ ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ ሰው ነክቶታል። «አክቲቬት ተደርጎ የተዘጋጀ» የሚባለው ዊንዶውስ ደግሞ ከየትኛውም ይፋዊ ቁጥር ጋር አይገጥምም፤ ምክንያቱም በእርግጥም ሰው ነክቶታል። ማን እንደነካውና ሌላ ምን እንደጨመረበት የሚነግራችሁ ፊርማ የለም። የባንክ የይለፍ ቃላችሁን የምትጽፉት ግን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው።