አንዱን ተርታ በሁለት ስለ መክፈል

ፕሮግራም በሚጽፉ ጓደኞቻችን ዘንድ አንድ የተለመደ አሠራር አለ። የተማሪዎችን ውጤት በሁለት ለመክፈል ሲፈልጉ በዝርዝሩ ላይ ሁለት ጊዜ ይመላለሳሉ፤ በመጀመሪያ 50 ወይም ከዚያ በላይ ያገኙትን፥ ቀጥሎ ከ50 በታች ያገኙትን ይለቅማሉ። ለአንባቢ ግልጽ መሆኑን አንክድም። የምንነቅፈው፥ ከሁለቱ ጥያቄዎች ለአንዱ «አይደለም» ያለ ሁሉ ለሌላው «አዎን» ይላል ብሎ ማመኑን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው የአይ ትሪፕል ኢ 754 ደንብ መሠረት፥ «ቁጥር ያልሆነ» የሚባለው ዋጋ ከማናቸውም ቁጥር ይበልጣል ወይ፥ ያንሳል ወይ፥ እኩል ነው ወይ ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ ሐሰት ነው። እንግዲህ ውጤቱ ገና ያልገባለት ተማሪ በዚህ ዋጋ ተመዝግቦ እንደ ሆነ፥ ካለፉትም ከወደቁትም ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። ስሕተት መኖሩን የሚያስታውቅ ምንም ነገር የለም፤ ተማሪው ብቻ ጠፍቷል!

ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ፥ «አዎን» ያለውን ወደ አንዱ ወገን፥ የቀረውን ሁሉ ወደ ሌላው ማድረግ ይሻላል እንላለን። በሃስኬል ቋንቋ ያለው ፓርቲሽን ይህን ያደርጋል፤ ቅደም ተከተሉንም አያዛባም። በሲ ፕላስ ፕላስ ያለው ሞክሼው ግን በዚያው በቦታው ላይ እያለዋወጠ ስለሚሠራ፥ በፊደል ተራ የተጻፉትን ስሞች ሊያደበላልቅ ይችላል፤ ተራ የሚጠብቀው ስቴብል ፓርቲሽን የተባለው ነው።

እርግጥ በዚህም መንገድ ውጤት የሌለው ተማሪ ከወደቁት ጋር ይቆጠራል። ይህም በደል ነው፤ ነገር ግን ስሙ በወረቀቱ ላይ ስላለ አቤት ሊል ይችላል።