የዜሮ ክፍል መዝገብና የባላገር ልጅ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ ስለ ሕፃናት ትምህርት ሲነገር አስቀድሞ የሚጠራው የተመዝጋቢው ብዛት ነው፤ ብዛቱም ብቻውን የሥራው ማስረጃ ተደርጎ ይወሰዳል። ይህ ጽሑፍ የሚቃወመው ይህን አቈጣጠር እንጂ የዜሮ ክፍልን መከፈት አይደለም።

እንደሚታወቀው የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አፀደ ሕፃናትን ቢጠቅስም፥ ሥራውን ይዘው የቈዩት አብዛኛውን ጊዜ በከተማ ያሉ፥ ክፍያ የሚጠይቁ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። በ2002 ዓ.ም. የሕፃናት ክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ ከወጣ በኋላ ግን በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ለስድስት ዓመት ልጆች ዜሮ ክፍል ተከፈተ፤ ታላላቆች ታናናሾችን የሚያለማምዱበት «ከልጅ ለልጅ» የሚባለውም ዘዴ ተጨመረ። በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ 5 በመቶ ገደማ የነበረው ጥቅል ተሳትፎ በ2004 ዓ.ም. ከ20 በመቶ በላይ ሆነ። በአንድ ዓመት ይህን ያህል ቤት አልተሠራም፥ ይህን ያህል መምህርም አልሠለጠነም። በአብዛኛው የሰፋው የሚቈጠረው ነገር ዓይነት ነው።

ስሌቱም ቢሆን ለስሕተት የተመቸ ነው። ዕድሜያቸው ለቅድመ አንደኛ በደረሰ ልጆች ብዛት የሚካፈለው ዕድሜው ሳይለይ የተመዘገበው ሁሉ ነው፤ ከጥጃ ጥበቃ ዘግይቶ የመጣው የስምንት ዓመት ልጅም፥ እኅቱ አዝላ ያመጣችው ሕፃንም እኩል ይገባሉ። በዚህ ላይ ምዝገባ በክረምቱ መውጫ ነው። ብርና ላህ ገና ሳይጎድሉ የስድስት ዓመት ልጅ ወንዝ ተሻግሮ አይመጣም፤ ስሙን የሚያስመዘግበው ገበያ የወጣው አባቱ ነው። ወንዙ ሲጎድል ደግሞ የበርበሬው ለቀማና የአጨዳው ጊዜ ይደርሳል። ስሙ ግን ከመዝገቡ አይወጣም።

ስለ ተማሪዎቹ ልዩ ልዩነት የሚነገረውም በወንድና በሴት ዓምድ ብቻ ያበቃል ማለት ይቻላል። ቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ መነሻ፥ የአዊም ጎረቤት ናት። እንዲህ ባለ ከተማ አንዱ ልጅ በቤቱ አማርኛ፥ ሌላው አገውኛ ሰምቶ ሊመጣ ይችላል፤ የነጋዴው ልጅና የቀን ሠራተኛው ልጅ በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። ለመምህሩ ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቈጥሮ ከነገሥ የጀመረ ልጅና ፊደል አይቶ የማያውቅ ልጅ ባንድነት መገኘታቸው ነው። የቅኔ አገር በሚባለው ጎጃም ይህን ልዩነት የሚጠይቅ ዓምድ አለመኖሩ በበኩሌ እጅግ ያስገርመኛል።

የ2015 ዓ.ም. ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል። ነገር ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ተነሣ፤ በምዕራብ ጎጃምም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ያን ጊዜ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ዜሮ ክፍልን ሳያይ ለአንደኛ ክፍል ዕድሜው ደርሷል፤ ትምህርት ቤቱ ሲከፈትም ከታናሹ ጋር አብሮ ይመዘገባል። ያን ጊዜ ጥቅል ተሳትፎው ከፍ ብሎ ይታያል፤ ጭማሪውም እንደ እድገት ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ በዜሮ ክፍል መዝገብ ላይ ቢያንስ ሦስት ነገር ይጨመር፤ የልጁ ትክክለኛ ዕድሜ፥ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ በእግር የሚፈጀው ጊዜ፥ በኅዳር ወር በክፍሉ የተገኘባቸው ቀኖች ብዛት። ይህን ለመጻፍ ከመምህሩ እርሳስ በቀር አዲስ ወጪ አይጠይቅም።