«ልቀቅ»፣ «አስተንፍስ»፣ «ቀንስ»፦ በአንድ የመኪና ዕቃ መመሪያ ትርጉም ላይ የቀረበ ትችት

ለትችት የያዝነው ጽሑፍ አጭር ነው። በመስክ መኪና ላይ የአየር ቱቦ መጋጠሚያ እንዴት እንደሚተከልና እንዴት እንደሚሠራበት የሚያስረዳ፣ ከእንግሊዝኛ የተመለሰ መመሪያ ሲሆን፣ በመጨረሻው ገጽ የሙያ ቃላት ዝርዝር ተያይዞበታል። ተርጓሚው በዝርዝሩ ላይ ብዙ እንደ ደከሙበት ያስታውቃል፤ ለስሞቹ ሁሉ አቻ ተፈልጎላቸዋል። ከግሦቹ ግን አንድም በዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። ቅሬታችንም ከዚሁ ይነሣል፤ መመሪያን መመሪያ የሚያደርገው ትእዛዝ፣ ትእዛዝንም የሚሸከመው ግሥ ሆኖ ሳለ፣ የስያሜ ሥራችን እስካሁን ከስም አጥር እምብዛም አልወጣም።

አስቀድሞ ስለ ዕቃው ጥቂት እንበል። በአሸዋ ላይ የሚነዳ ሰው የጎማውን አየር ይቀንሳል፤ ጎማው ጠፍጠፍ ብሎ መሬቱን በሰፊው ሲረግጥ መኪናው በቀላሉ አይሰምጥም። በአስፋልት ላይ 2.2 ባር ገደማ የነበረው ግፊት ለአሸዋ ወደ 1.2 ባር ሊወርድ ይችላል። ወደ ደኅናው መንገድ ሲመለስ ደግሞ ጎማው መነፋት አለበት። ለዚህም በ12 ቮልት ባትሪ ወይም በሞተሩ ቺንጊያ የሚሠራ ኮምፕሬሰር በመኪናው ላይ ይታሰርና፣ አየሩ በመከላከያው አጠገብ እስከ ተተከለው መጋጠሚያ ድረስ ይመጣል። ቱቦው የሚገጠመው እዚያ ነው።

«ከመንገድ ውጭ ተሽከርካሪ» የሚለው የመመሪያው ርእስ ለአማርኛ ሰሚ መንገድ ስቶ ገደል የገባ መኪና ነው። «አገር አቋራጭ» ይሻላል እንዳይባል፣ ቃሉን አውቶቡስና ሩጫ ቀድመው ይዘውታል። መሥሪያ ቤቶች «የመስክ መኪና» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋልና ሌላ መፈለግ አያስፈልግም።

በቱቦው ስም ላይ ግን ክርክር ይኖራል። ተርጓሚው በአንድ ገጽ «የአየር ጎማ»፣ በሌላው «የአየር ቧንቧ» ይሉታል። ሁለተኛው በሳይንስ ትምህርት ለሰው መተንፈሻ አካል የተያዘ ስያሜ ነው። የመጀመሪያው ግን ከሕዝብ አፍ የተገኘ ሕያው ቃል ስለ ሆነ በዋዛ አይጣልም። ከጣልያንኛ የመጣው «ጎማ» መነሻው ቁሱ ነውና፣ የመኪናው እግርም የአትክልት ማጠጫውም በዚሁ ይጠራሉ። በጋራዥ ውስጥ ይህ ችግር አያመጣም፤ ጎሚስታው «ጎማውን አቀብለኝ» ሲል እጁ ወደ የት እንደ ተዘረጋ ይታያል። በጽሑፍ ግን የተዘረጋ እጅ የለም። «የአየር ጎማውን ንቀል» የተባለ ሰው፣ ጎማ መንቀል ማለት ቡሎን ፈትቶ እግሩን ማውጣት መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ክሪክ ፍለጋ ቢሄድ አይፈረድበትም። አየሩን ለሚያሻግረው «ቱቦ»፣ ለመኪናው እግር «ጎማ» ተብሎ ቢለይ እንመርጣለን።

የመጋጠሚያው ሁለት ወገኖች «ሰጪ» እና «ተቀባይ» ተብለዋል። ሲሰሙት ያማረ ጥንድ ነው፤ ነገሩን ግን ይገለብጠዋል። ተርጓሚው ገብ የሆነውን «ሰጪ»፣ አስገቢ የሆነውን «ተቀባይ» ሲሉ ቅርጹን ብቻ አይተዋል። በተለመደው አሠራር፣ በሞላ ኃይል ራሱን የሚዘጋ ክዳን ያለበት ሴቴው ወገን አየሩ በሚመጣበት በመኪናው በኩል ይተከላል፤ ወንዴው በቱቦው ጫፍ ይሆናል። ስለዚህ አየሩን የሚሰጠው «ተቀባይ»፣ የሚቀበለው «ሰጪ» ሆኖ ቁጭ ብሏል። ስሙን አምኖ «ሰጪ»ውን በመኪናው ላይ የተከለ ሰው፣ ቱቦውን ባላቀቀ ቁጥር አየሩ ከመኪናው በኩል ሲያፏጭ ይሰማል። «ሴቴ» እና «ወንዴ» ቅርጽን እንጂ የአየሩን ጉዞ ስለማይናገሩ አይዋሹም። ለጨዋ ጽሑፍ አይመጥኑም የሚል ቢኖር፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን አነጋገር ያድምጥ።

አሁን ወደ ግሦቹ። መመሪያው መጋጠሚያውን በመከላከያው ላይ ማሰሩንም፣ ቱቦውን በየጊዜው መሰካቱንም «ገጠመ» ይለዋል። «ከገጠምህ በኋላ ሞተሩን አስነሣ» የሚለው ትእዛዝ ታዲያ አንድ ጊዜ ለዘለቄታው ነው ወይስ ሁልጊዜ? አማርኛ ለዚህ አላነሰም ነበር፦ «ተከለ» እና «ነቀለ» ለሚጸናው፣ «ገጠመ» እና «አላቀቀ» ለሚመላለሰው።

ከሁሉ የከፋው ግን የ«ለቀቀ» ነገር ነው። እንግሊዝኛው ቱቦው ከመላቀቁ በፊት በውስጡ የታመቀው አየር ይውጣ ማለቱ ነው፤ ትርጉሙ «ከማላቀቅህ በፊት አየሩን ልቀቅ» ይላል። «ለቀቀ» እንደ ተሳቢው የሚለዋወጥ ግሥ ነው። «እጄን ልቀቅ» ሲባል መተው፣ «ፍሬን ልቀቅ» ሲባል ማላላት ነው። በቱቦ ውስጥ የሚሄድ ነገር ሲሆን ግን «ውሃ ልቀቅ» ማለት ክፈተው፣ ይምጣ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የሚሰጠው ሰው አላጋጠመንም። እንግዲህ አንባቢው አየሩን ከፍቶ፣ ቱቦውን በግፊት እንደ ተሞላ ሊያላቅቅ ነው። በዚያን ጊዜ የቱቦው ጫፍ እንደ ጅራፍ ይወናጨፋል፤ ዓይን ሊያጠፋም ይችላል።

ተገቢው ቃል «አስተንፍስ» ነበር። ተርጓሚው ቃሉን አያውቁትም እንዳንል፣ በሌላ ቦታ ተጠቅመውበታል፤ አሸዋ ላይ ከመድረስህ በፊት «ጎማዎቹን አስተንፍስ» ይላሉ። ጎማው ተነፈሰ ከተባለ ግን ባዶውን ቀረ ማለት ነው። ከ2.2 ወደ 1.2 ባር መውረድ መተንፈስ አይደለም። ባዶ ጎማ ከቸርኬው ላይ ይሾልካል፤ አሽከርካሪውም ሊያመልጥ ባሰበው አሸዋ ውስጥ ይቀራል። ለጎማው «አየሩን ቀንስ»፣ ለቱቦው «አየሩን አስተንፍስ»፣ ከኮምፕሬሰሩ አየር ሲፈለግ ብቻ «ልቀቅ» ማለት ይገባ ነበር። ሦስቱም ቃላት በጽሑፉ ውስጥ አሉ፤ የየቤታቸው ግን አልገቡም። በዝርዝሩ ውስጥ ሦስቱም ከነተሳቢያቸው ቢመዘገቡ ኖሮ፣ ስሕተቱ ከማተሚያ ቤት በፊት ይያዝ ነበር።

ስለ መጋጠሚያው ጥርስ ጥቂት ይቀረናል። «የተለመደው ጥርስ» የሚባል ነገር የለም። በሩብ ኢንች መጋጠሚያ የአሜሪካው የቧንቧ ጥርስ በአንድ ኢንች 18፣ የእንግሊዙ 19 ነው፤ የጥርሱም ማዕዘን በአንደኛው 60፣ በሌላው 55 ዲግሪ ነው። ሁለቱ ሲጀምሩ የተስማሙ ይመስላሉ፤ ጥቂት ዙር እንደ ሄዱ ይነካከሳሉ፣ አየርም ያሾልካሉ። «ሾጣጣ ጥርስ» የተባለውም ለጋራዥ ሰው ሹል ጥርስ ይመስለዋል፤ የታሰበው ግን ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄደው ነው። እርሱ በቴፍሎን ተጠቅልሎ በጥርሱ ላይ ይጠብቃል፤ ቀጥ ያለው ግን አየር የሚይዘው በጎማ ቀለበት ነው። መመሪያው ለሁለቱም ቴፍሎን አዝዟል።