ራልስቪክ ላይ ያጨበጨብንለት ወንበዴ

ጀርመን አገር ያደጋችሁ የክላውስ ሽቶርተቤከርን ስም ሳትሰሙ አትቀሩም። ለሌሎቻችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ከ600 ዓመት በፊት በባልቲክና በሰሜን ባሕር የነጋዴዎችን መርከብ ይዘርፍ የነበረ፣ ሐምቡርግ ላይ በሰይፍ የተቀጣ የባሕር ወንበዴ ነው። በሩገን ደሴት፣ ራልስቪክ በምትባል ትንሽ መንደር፣ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ (የኮሮናን ጊዜ ሳንቆጥር) ታሪኩ በየበጋው ከቤት ውጭ በተሠራ መድረክ ይተወናል። ከሰኔ እስከ እንቁጣጣሻችን መቃረቢያ ድረስ ይቆያል። እሑድ ስለማይታይ ከአምልኮ የሚቀር ሰው የለም! እኛም ዘንድሮ ልጆቻችንን ይዘን ለአራተኛ ጊዜ ሄድን።

ስለ ትርኢቱ ውበት ከማንም ጋር አልከራከርም። ከመድረኩ በስተኋላ ያለው ውሃ ሥዕል አይደለም፤ ከባሕር ጋር የተያያዘ እውነተኛ ውሃ ነው፤ መርከቦቹም በእርግጥ ይንሳፈፉበታል። ፈረሶች ይጋልባሉ፣ መድፍ ይተኮሳል፣ ንስር በተመልካቹ ራስ ላይ ያልፋል። ትርኢቱ ሲጀመር ገና ብርሃን ነው። ከዚያ ሰማዩ ቀስ እያለ ይጠቁርና መጨረሻ ላይ ርችት ውሃውን ያበራዋል። ከ8,000 በላይ ሰው አንድ ላይ «ኦ!» ሲል እኔም ብያለሁ። (ጃኬት አትርሱ፤ የሐምሌ ንፋስ ነው ብላችሁ አትናቁት።) ንግግሩ ግን ስስ ነው። ክፉው ሰው ገና አፉን ሳይከፍት ይታወቃል፣ ደጉም እንዲሁ። ታሪኩ ከዓመት ዓመት ይቀጥላል እንጂ ባሕርያቱ አይለወጡም።

ይህን ሁሉ በቀላሉ አልፈው ነበር፤ ሴት ልጄ አላሳለፈችኝም። ከዚያ የተገዛላትን የእንጨት ሰይፍ ይዛ ቤት በገባን ማግስት የታናሽ ወንድሟን ቸኮላት ቀምታ ለጎረቤት ልጆች አደለች። ወንድሟ እያለቀሰ መጣ። ስቆጣት በሙሉ ልብ «እኩል ነው ያካፈልኩት!» አለችኝ። ምን ልበላት? ትናንት ማታ ቆሜ ያጨበጨብኩት እኔው ነኝ።

ቋንቋችን ለዚህ ሰው ሁለት ቃል አለው። ሽፍታ እንለዋለን፣ ወንበዴም እንለዋለን። ሽፍታ ሲባል ፉከራው፣ ጫካው፣ በደል አልችልም ብሎ የወጣው ጀግና ይታየናል። ወንበዴ የሚለው ግን የተቀማው ሰው ነው። የራልስቪክ መድረክ ሽፍታውን እንጂ ወንበዴውን አላሳየኝም። የተዘረፈው መርከብ ላይ የነበረው ደሞዝተኛ፣ ጭነቱ ላይ የሰው ብድር የነበረበት ትንሽ ነጋዴ፣ ወደብ ላይ ቆማ የምትጠብቅ ሚስት፣ እነዚህ በአራቱ ምሽቶች አንድም ጊዜ ፊት አልተሰጣቸውም። ሀብታም ሁሉ ስስታም ከሆነ፣ መርከቡም የማንም ካልሆነ፣ ዝርፊያው ጨዋታ ይሆናል።

መድረኩም የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1959፣ በምሥራቅ ጀርመን ዘመን፣ ኩርት ባርተል የጻፈው የሽቶርተቤከር ተውኔት እዚሁ ታይቷል። ሶሻሊስቶቹ ለምን እንደወደዱት ግልጽ ነው፤ የሽቶርተቤከር ሰዎች «ሊከዴለር» ይባሉ ነበር፣ እኩል ተካፋዮች ማለት ነው። እኛ ግን ይህን ነገር በሌላ ወገን ቆመን የምናውቅ ነን። በደርግ ዘመን የጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ፣ ንብረቱ ተወርሶ፣ በየቤቱ ተደብቀው የጸለዩ ወላጆቻችን ስለ እኩልነት የሚነገረውን መፈክር የሰሙት በተወሰደበት ሰው ጆሮ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ያሉት አማኞችም ሁሉን በጋራ አድርገዋል፤ የሸጡት ግን የራሳቸውን መሬት ነው።

እነዚህ ወንበዴዎች ራሳቸውን «የእግዚአብሔር ወዳጅ፣ የዓለም ሁሉ ጠላት» ይሉ ነበር ይባላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ስሰማው ልቤ ሞቀ። ያዕቆብ በምዕራፍ 4 ከጻፈው ጋር ሊምታታ የሚችል ቃል ነው። ያዕቆብ ግን የዓለም ወዳጅነት ሲል በዚያው ምዕራፍ ስለ ምኞትና ስለ መጣላት እየተናገረ ነው። የሰውን ጭነት የሚመኝ ሰው፣ ባንዲራው ላይ የፈለገውን ቢጽፍ፣ የትኛው ዓለም ጠላት ሆነ?

አንድ ቦታ ላይ ግን እጄን እሰጣለሁ። በአፈ ታሪኩ መሠረት ሽቶርተቤከር ሊሞት ሲል አንድ ልመና አቀረበ፤ አንገቱ ከተቆረጠ በኋላ በእግሩ ሄዶ ያለፋቸው ባልደረቦቹ ሁሉ እንዲማሩለት። ራሱን ያጣው ገላ በ11 ሰዎች ፊት አለፈ ይላሉ፤ ቃሉ ግን አልተጠበቀላቸውም፣ ሁሉም ተገደሉ። ለወገኖቹ ሲል በሞት ውስጥ የሚራመድ አለቃ! ይህን የፈጠረው ሕዝብ ምን እንደናፈቀ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ቢሆንም በጌታ ቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ አስቡት። እርሱ ቅጣቴ የሥራዬ ዋጋ ነው ብሎ አምኗል። በአራት በጋ ከሽቶርተቤከር አፍ የጠበቅኩት ይህን አንድ ቃል ነበር። ቢናገረው ተውኔቱ አይፈርስም፤ እንዲያውም ያን ጊዜ እውነተኛ ሰው ይሆንልን ነበር።

ለሚመጣው በጋም ትኬት እንገዛለን፤ ልጆቹ አይለቁንም። ባለፈው ወር ለሕፃናት ክፍል ዘኬዎስን አስተምሬ ነበር። ትንሹ ልጄ ከፊት ተቀምጦ በጥሞና ሲያዳምጥ ደስ ብሎኝ ነበር። ቤት ስንገባ እህቱን አራት ቸኮላት ጠየቃት። እስካሁን ሁለቱን ከፍላለች።