የድሬ ሼክ ሑሴን ዝያራና የጻፉለት ሊቃውንት

ስለ ድሬ ሼክ ሑሴን ዝያራ እስከ ዛሬ የተጻፈው በአንድነት ቢሰበሰብ ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ አብዛኛው ዓይን ያየውን እንጂ ጆሮ የሰማውን የሚናገር አይደለም። ከዚህም የተነሣ በጽሑፎቹ ውስጥ የዘያሪው በትር፣ ልብስና ጕዞ በዝርዝር ሲገኝ፣ በትሩን ይዞ የሚለው ቃል ግን ብዙ ጊዜ ተትቶ ይገኛል። የጉድለቱ ሥር ይህ ነው።

ቦታው በባሌ፣ በዋቢ ሸበሌ ወንዝ አቅራቢያ ባለው ቆላ ይገኛል። ትውፊት ሼክ ሑሴንን ከ12ኛውና ከ13ኛው መቶ ዓመት ጋራ ያያይዛቸዋል። መቃብራቸው ያለበት በኖራ የነጣው ቁባ በዓመት ሁለት ታላላቅ ጉባኤዎችን ያስተናግዳል፤ አንደኛው በዙል ሒጃ ወር ከዐረፋ በዓል ጋራ፣ ሁለተኛው በመውሊድ ወራት ነው። ዘያሪዎቹ ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከሶማሌ ምድር ጭምር ይመጣሉ፤ ክርስቲያኖችም በመካከላቸው አይታጡም። ገሪባ የሚባሉት ዘያሪዎች ጫፉ እንደ ባላ የተከፈለ በትር ይይዛሉ፤ ባህሮ የተባለውን የኦሮምኛ ውዳሴም እየተቀባበሉ ያዜማሉ።

ትሪሚንግሐም በ1952 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «እስልምና በኢትዮጵያ» በተባለው መጽሐፉ የወልዮችን ክብር ባብዛኛው የቀድሞው እምነት ቅሪት አድርጎ ይመለከተዋል። ከእርሱ በኋላም ዝያራውን ከአባ ሙዳ ጕዞ ጋራ ያነጻጸሩ አልጠፉም። በእርግጥ ጅላ የሚባሉት የኦሮሞ መልእክተኞች ቡራኬ ለመቀበል ወደ አባ ሙዳ ከሩቅ አገር ይጓዙ ነበር፤ መመሳሰሉም ዋዛ አይደለም። ነገር ግን መመሳሰል ስለ መነሻ ሊመሰክር ይችል ይሆናል እንጂ ስለ ትርጉም አይመሰክርም። አሮጌ ድንጋይ በአዲስ ግንብ ውስጥ ሲገባ ሥራው ይለወጣል፤ ግንቡን ሊያውቅ የፈለገ ድንጋዩ ከየት እንደ መጣ ብቻ ጠይቆ ሊያበቃ አይገባውም። «ቅሪት» የሚለው ቃል ግን ጥያቄውን ከዚያ ላይ ይዘጋዋል።

የተሻለውን መንገድ የከፈተው አንድርዜየቭስኪ ነው። ይህ ሊቅ በ1972 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በሼክ ሑሴን ውዳሴ ውስጥ ያለውን በጥቆማ የመናገር ልማድ መርምሯል። ውዳሴው ተኣምሩን አይተርክም፤ ስም ወይም አንድ ነገር ጠቅሶ ያልፋል፤ ሙሉውን ታሪክ አድማጩ ከልቡ ያወጣል። የብሉይንና የሐዲስን ታሪክ ላልተማረ ደቀ መዝሙር የቅኔው ምስጢር እንደማይፈታለት ሁሉ፣ ገድሉን ያልሰማ ተመልካችም ከባህሮው የሚያገኘው ጩኸት ብቻ ነው። ገድሉ ደግሞ በቃል ብቻ የቀረ አይደለም፤ «ረቢዕ አል ቁሉብ» የተባለው የዐረብኛ መጽሐፍ በካይሮ ታትሟል። እንግዲህ ባላገሩ በኦሮምኛ የሚጠቅሰው ታሪክ መናቂብ ከሚባለው ከሰፊው የእስልምና የገድል ሥነ ጽሑፍ ጋራ የተያያዘ ነው። ዘያሪው ወልዩን ወደ አላህ አማላጅ አድርጎ ይጠራል፤ የወሎ መንዙማም በአማርኛ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በዚህ ላይ የብራውኬምፐር የ1989 እ.ኤ.አ. ጥናት ሲጨመር፣ ቦታው ኦሮሞንና ሶማሌን ያገናኘ ማእከል እንጂ ከዓለም የተለየ የጥንት ዋሻ እንዳልሆነ ይታያል።

የአንድርዜየቭስኪም ሥራ ቢሆን ያልደረሰበት ስፍራ አለው። ውዳሴ በወረቀት ሲሰፍር አዝማቹን የሚቀበለው ሕዝብ ይጠፋል። ጥቆማው የገባውና ያልገባው፣ ሽማግሌውና በመጀመሪያ ዝያራው ላይ ያለው ወጣት፣ በአንድ ድምፅ ይቀበላሉ፤ ወጣቱም ታሪኩን ጠይቆ የሚማረው በዚሁ ጕዞ ነው። እንዲህ ከሆነ ዝያራው የእምነት መግለጫ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤትም ነው፤ ይህንም ከቃሉ ብቻ ማንበብ አይቻልም።

ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ሆኖ አልቀረም። ኦስተቦ በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የሰለፊያ ትምህርት በባሌ እንዴት እንደ ተስፋፋና የወልዮችን ዝያራ እንዴት እንደ ነቀፈ በሰፊው አሳይቷል። ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ ዝያራውን ቢድዓ ወይም ሽርክ የሚሉ ሰባክያን የሚያቀርቡት ክስ፣ ቅሪት ከሚሉት ተመራማሪዎች ቃል ጋራ ሲመዘን እጅግ ተቀራራቢ ነው። አንዱ ከሳይንስ፣ ሌላው ከሃይማኖት ቢነሣም፣ ሁለቱም አንድ ንጹሕ እስልምና ከሌላ ቦታ አምጥተው ባላገሩን በእርሱ ይለኩታል፤ ሁለቱም ዘያሪውን ምን እንዳለ ሳይጠይቁ ይፈርዱበታል። ልዩነታቸው የሰባኪው ፍርድ ቦታውን ሊያስጥል የሚሻ መሆኑን በግልጥ መናገሩ ነው፤ የተመራማሪው ግን ያንኑ ፍርድ የሚያጸና ምስክር መሆኑን ሳያውቅ ይቀራል።

ቦታው በ2011 እ.ኤ.አ. ለዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በቅድሚያ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ግንብ ኖራ ይበቃዋል፤ ባህሮ ግን ገድሉን የሚያውቅ አድማጭ ይፈልጋል። ስለዚህ ከእንግዲህ ወደ ድሬ የሚሄድ ተማሪ ኦሮምኛና ዐረብኛ ይዞ፣ ከአዝማቹ አጠገብ ቆሞ፣ እያንዳንዱን ጥቆማ ከነታሪኩ ከዘያሪው አፍ ሊጽፍ ይገባዋል። ይህ ሳይደረግ ስለ ዝያራው መነሻ የሚሰጠው ፍርድ ሁሉ ተከሳሹ ያልተሰማበት ፍርድ ነው።